የሸጌ ጠብታ

እህቴ ሸጌ ከሞተች ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ እሷ የሚያወራው ደግ ደጉን ነው። ንጹሕ ነበረች፣ ሰው ሰብሳቢ ነበረች፣ ቤቷ ገብቶ ተርቦ የወጣ የለም ይላሉ። እውነት ነው። ግትር እንደ ነበረች ግን የሚያነሳ የለም። ግትርነቷን ከላይዋ ላይ ከገፈፋችሁት የምትቀረው ሸጌ አይደለችም፤ ሌላ ሴት ናት። እኔ የማለቅሰው ለዚያችኛዋ አይደለም።

የገደላት ኩላሊቷ ነው። በየዓመቱ ሐኪም ቤት እየሄደች ትመረመር ነበር። ደሟንም ሽንቷንም ያዩና «ቤሰደር ነው»፣ ደህና ነው፣ ብለው ይሸኟታል። እግሯ ማበጥ ሲጀምር ፋብሪካ ቆማ ስለምትውል ነው አልን። ሁለታችንም እዚህ እስራኤል፣ ቤኤር ቱቪያ በሚባል ቦታ፣ አትክልት በሚታሸግበት ፋብሪካ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቆመን ነበር የምንሠራው፤ የእኔም እግር ያብጥ ነበርና አላስደነገጠንም። ፊቷ ሲያብጥ ግን ደነገጥን። ያን ጊዜ ኩላሊቶቿ ሥራቸውን ሊያቆሙ ምንም አልቀራቸውም። ዲያሊዛ አስገቧት፤ ደሟን በማሽን እያጠቡ ይመልሱላታል። ባሏ አለነ ወደ መጋዘን ሥራው ከመሄዱ በፊት እሷን ያደርሳል፤ ሲወጣ ይመልሳታል። ከማሽኑ ስትነሳ አቅም የላትም፤ ንዴት ግን አላት። «ትናንት ቤሰደር፣ ዛሬ ማሽን። መሀሉን ማን በላብኝ?» ትል ነበር።

ሃጋር ወደ እኛ የመጣችው በዚያ ወራት ነው። በምንኖርበት ከተማ በቂርያት ማላኪ፣ ከመኖሪያ ብሎኮቹ በአንዱ ምድር ቤት የእኛ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ አለ፤ ሞአዶን እንለዋለን። ሃጋር የገዴራ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ እንደ እኛው ከጎንደር የመጡ ናቸው። ተምራ ያቭኔ ከተማ አንድ ትንሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። አማርኛዋ እንደ ልጆቻችን አማርኛ ነው፤ ግማሹን በዕብራይስጥ ትሞላዋለች፤ ቢሆንም ሁሉም ገባን።

ኩላሊት ሲጎዳ ሰውየው ገና ምንም ሳይሰማው አንድ ዓይነት ፕሮቲን ወደ ሽንት ማምለጥ ይጀምራል አለችን። ግን በጣም ጥቂት ስለሆነ የተለመደው ምርመራ አያገኘውም። ሌላው ፕሮቲን ብዙ ነው፤ ብዙው ጥቂቱን ይጋርደዋል። «በበዓላችን በሲግድ ቀን ኢየሩሳሌም ነጭ ለብሶ ከቆመው ሕዝብ መሀል አንዲት ነጭ ለባሽ ፈልጉ እንደ ማለት ነው» አለች። እነሱ ያንን አንዱን ፕሮቲን ብቻ የሚይዝ መንጠቆ አላቸው። መንጠቆውን ዓይን በማያያቸው ዶቃዎች ላይ ያስሩና ሽንቱ ውስጥ ይበትኗቸዋል። ከዚያ ዶቃዎቹን በማግኔት ስበው ይይዛሉ፤ የቀረውን አጥበው ይደፉታል። መንጠቆው በያዘው ላይ የሚያበራ ነገር ይለጥፋሉ። ዱሮ የሁሉንም ብርሃን በአንድነት ስለሚለኩት ጥቂቱ ይጠፋባቸው ነበር። አሁን እያንዳንዱን ዶቃ ለብቻው በትንሽ ጉድጓድ ያስቀምጡና የበራውን ይቆጥራሉ፤ አንድ እንኳ ቢበራ ይታያል። ይህን የምንሞክርበት ሽንት ስጡን አለችን።

ታንጉት የምትባል አለች፤ ከሁላችንም ታላቅ ናት፤ አፏ አርፎ አያውቅም። ሽንታችን የሚያበራ ከሆነ በየወሩ ለመብራት የምንከፍለው ምን ሆነን ነው ብላ አዳራሹን አሳቀችው።

ከሳቁ በኋላ ግን እሰጣለሁ ያለ አልተገኘም። ምክንያቱን ሃጋር ታውቀዋለች፤ እሷ ስትወለድ የሆነ ነገር ቢሆንም ታውቀዋለች። ሰው ይድንበታል ብለን የሰጠነውን ደም፣ የደም ባንኩ ሰዎች የእኛ ስለሆነ ብቻ እኛ ሳናውቅ ሲደፉት ኖረዋል። ነገሩ ሲወጣ ኢየሩሳሌም ሰልፍ ከወጡት ውስጥ ሸጌና እኔም ነበርን፤ አስለቃሽ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ እጇን ይዤ ሮጫለሁ። ታንጉት ተነስታ፣ «ደማችንን ደፉት። አሁን ደግሞ የሚደፉትን ሽንት እኛው እንድናመጣላቸው ይለምኑናል?» አለች። ሴቶቹ እውነቷን ነው አሉ። ሃጋር አቀረቀረች።

ሸጌ የዚያን ቀን ከማሽኑ በቀጥታ ነበር የመጣችው፤ ክንዷ ላይ ፋሻው እንዳለ ነው። ወንበር ይዛ ተነሳች።

«እኔን ያላየኝ ምርመራ እናንተንም አያያችሁም» አለች። «ይቺ ልጅ የሚያይ ነገር እየሠራች ከሆነ፣ ዓይኑ ሲሠራ እኛ ፊቱ ላይ መቆም አለብን። በሌላ ሰው ሽንት የተለማመደ ምርመራ ስለ እኔ ልጅ ምን ያውቃል? ደማችንን ደፍተውብናል፤ አዎ። ስለዚህ አሁን እየደበቅን እንሙት?»

ከዚያ በኋላ አልሰጥም ያለች የለችም። ዕቃዎቹን፣ ክዳን ያላቸውን ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ ሸጌ ቤቷ ወሰደች፤ እሷው አዘጋጅታ አደለችን። በእያንዳንዱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ተለጥፎበታል። የራሷን ቁጥር ልጣ ጣለችና በአማርኛ ፊደል «ሸጌ» ብላ ጻፈችበት። ሃጋር እንዲህ አይፈቀድም ስትላት ቁጥር ሆኜ ብዙ ኖሬአለሁ አለቻት። ኩላሊቷ በቀን የሚያወጣው ጥቂት ነበር፤ ያንኑ ሰጠች።

መልሱ ሳይመጣ ሞተች።

የሐዘኑ ሳምንት አልፎ ወደ ሥራ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ዓርብ ሃጋር በሬን አንኳኳች። ስትቀመጥ ፊቷ ልክ አልነበረም። የቂርያት ማላኪ ዕቃዎች ሁሉ ባዶ ሆነው ታይተዋል፤ የሚፈለገው ፕሮቲን አንድም አልተገኘም አለችኝ። ደስ የሚል ዜና መስሎኝ ነበር፤ ሁላችንም ጤነኞች ነን ማለት ነው ብዬ። አይደለም አለች። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ያሪቭ የእኛን ሊያወጣው ወስኗል፤ ከሌሎቹ ከተሞች በተሰበሰበው ብቻ ሥራውን ሊጨርስ ነው። ያ ማለት ምርመራው ነገ ሐኪም ቤት ሲገባ ማን ጤነኛ፣ ማን ታማሚ እንደሆነ የሚለይበትን ልክ የሚወስነው ያለ እኛ ነው።

«ማለት ደፉት» አልኳት።

«አልደፉትም፣ ዶዳ አበዛሽ። አወጡት።» ዶዳ አክስቴ ማለቷ ነው፤ አበዛሽ ስሜ ነው።

«አንድ ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ በአውቶቡስ ያቭኔ ሄድኩ። ያሪቭ ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን ውሃ ቀዳልኝ፤ ስለ እህቴ አጽናናኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠኝና አሳየኝ። ከሌሎቹ ከተሞች የመጣው ጥቁር ሜዳ ላይ እዚህም እዚያም የበራ ነጥብ አለበት፤ ሌሊት ከሩቅ እንደሚታይ ከተማ። የእኛው ጥቁር ነው፤ ምንም የለበትም። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ጥቂት ይኖረዋል አለኝ። «ዜሮ ከሰው አይወጣም።»

«እኛስ ከምን ነን?» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። እንደዚያ ማለቱ እንዳልሆነ ነገረኝ። ያልገባውን ነገር ከገባው ጋር ቢቀላቅል ሥራው ሁሉ እንደሚበላሽ አስረዳኝ። አነጋገሩ እውነት ነበረው፤ እውነት መሆኑ የበለጠ አናደደኝ። እንደገና ውሰድ ስለው፣ እንደገና ጥቁር ከሆነስ አለኝ። ምናልባት ዘዴው እዚያ አይሠራ ይሆናል አለ። እዚያ ማለት እኛ ነን።

ይህን ጊዜ ሃጋር ጣልቃ ገባች። ሌላ ምስል ከፈተችለት። በላዩ «ሸጌ» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ አለ፤ ቁጥሩን ስለላጠችው ዕቃውን ማንም ከማንም ጋር አያሳስተውም። እሱም ጥቁር ነው። እህቴ እዚህም ላይ የለችም። ሃጋር በዕብራይስጥ ቶሎ ቶሎ ብላ፣ ይቺ ሴት በኩላሊት ሞታለች፤ የእሷ ከሁሉም በላይ ሊበራ ይገባው ነበር፤ ስለዚህ ችግሩ ሰዎቹ ጋ አይደለም፣ ዘዴው ጋም አይደለም፣ ከሰዎቹና ከዘዴው መሀል ነው አለችው። ያሪቭ ጎንበስ ብሎ ምስሉን አየ። ከዚያ ምክንያቱን ካገኛችሁልኝ ራሴ መጥቼ እንደገና እወስዳለሁ አለ፤ ግን ሥራውን የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ሃጋር በመኪናዋ ገዴራ ቤቷ ወሰደችኝ፤ እናቷ ሥራ ላይ ነበረች። ምግብ አሞቀችልኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ አዲስ ኩባያ አወጣችና፣ ያኔ ያደረጋችሁትን ሁሉ ምንም ሳታስቀሪ አሁን አድርጊው አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ሳሙናውን አገኘሁት፤ ሌላውን አጣሁት።

«ልጄ፣» ብዬ ተጣራሁ፣ «በረኪናችሁ የት ነው?»

ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች።

«በረኪና ለምን?»

ነገርኳት። ሸጌ ኩባያዎቹን ቤቷ እንዳደረሰች አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ውስጡ ጭጋግ የመሰለ ነገር ለብሷል። ይህን ማን አጠበው ይሉታል፣ ቅባቱ እንኳ አልለቀቀም አለች። አገር ቤት ሳለን መታጠብ ስለምናበዛ ጎረቤቶቻችን ውሃ ውሃ ይሸታሉ ይሉን ነበር፤ ከእኛ ቤት ዕቃ ሳይታጠብ ለሰው አይሰጥም። ሁሉንም በሙቅ ውሃና በሳሙና እስኪንጫጩ ድረስ አሸቻቸው። በኋላ በየዕቃው ሥር ጠብ የሚል በረኪና አደረገችበት፤ ስታድለንም እኛም አጥበን በረኪና እንድንጨምር አስጠነቀቀችን። ሽታው ወጥቶ ያቺን ልጅ በሥራ ባልደረቦቿ ፊት እንዳያሳፍራት ብላ ነው። ልጅ ያለችው ሃጋርን ነው።

ሃጋር ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ተበላሸባት። ያ ቅባት ቆሻሻ አልነበረም አለችኝ። የሚፈለገው ፕሮቲን በጣም ጥቂት ስለሆነ ከፕላስቲኩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ዶቃዎቹ ሳያገኙት ይጠፋል። እንዳይጣበቅ ግድግዳውን አስቀድመው ሌላ ጉዳት የሌለው ፕሮቲን ይቀቡታል። ምን እንደሚቀባ፣ በምን ያህል እንደሚቀባ፣ ሙቀት ላይ እንዴት እንደሚቆይ ስትሞክር ዓመታት የፈጀችው እሷ ናት። በእነሱ ሥራ ውስጥ የእሷ ድርሻ ያ ጭጋግ ነው። ሸጌ እሱን አጥባ ጣለችው። የተረፈውን በረኪናው በላው።

«አትጠቡ ብዬ መናገር ነበረብኝ» አለች። «እናቴን እያወቅሁ! እኔ ራሴ እዚህ ቤት አድጌ!»

ከዚያ ወደ ብልሃት ገባን። ለያሪቭ ምክንያቱን መንገር ቀላል ነው፤ የማን ሐሳብ እንደ ነበር ማወቅ አያስፈልገውም። ለሴቶቹም በዚህኛው ጊዜ አትጠቡ እንበላቸው፤ የሸጌን ስም አናንሳ አለችኝ። ልክ ናት ብዬ ተስማማሁ።

አልሆነም። በመጀመሪያ ለታንጉት በሹክሹክታ ነገርኳት፤ እሷ ከተቀበለች ሌሎቹ ይከተሏታል ብዬ። ታንጉት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሸጌ እጠቡ ብላ ሞታለች። አንቺ አትጠቡ የምትይው ማን ነሽና ነው?» አለችኝ። ከእሷ ቀጥሎ የነገርኳቸውም ቤሰደር ቤሰደር አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን የሚያጥቡ ሰዎች ዓይን ነበር። የሟች ቃል ኑዛዜ ሆኗል። በሹክሹክታ የሚፈርስ አይደለም። ወይ ሸጌ ተሳስታለች ብዬ በአደባባይ እናገራለሁ፤ ወይ ደግሞ እንደገና የታጠበ ዕቃ ይሄድና የእኛ ነገር ያበቃለታል።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ሲሉ ነው ያደግሁት። የሞተ ሰው ራሱን አይከላከልም፤ ስለዚህ ጥፋቱን አታነሳበትም፤ ያውም ተዝካሩ ሳይወጣ።

ወሬው አለነ ጋ ደረሰ። ማታ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እኔ ቤት መጣ፤ የሥራ ጫማውን እንኳ አላወለቀም፤ አልቀመጥም አለ። በአዳራሽ ቆመሽ የእህትሽን ስም ልታወርጂ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳሁት። እየሰማኝ ነበር፤ ሰምቶ ሲጨርስ ግን ፊቱ ያው ነው። ከሸጌ የቀረለት ስሟ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ቂርያት ማላኪ ውስጥ በሄደበት ሁሉ ንጹሕ ሴት ነበረች ይሉታል፤ በዚያ ነው የሚውለው። ነገ ደግሞ ሸጌ ያበላሸችው ሊሉት ነው። ቢያንስ ተዝካሯ ይውጣ አለ። ያሪቭ ተዝካር አይጠብቅም አልኩት።

«እንግዲህ ሙት ወቃሽ ሆነሽ ቤቴ እንዳትመጪ» አለኝና ወጣ።

ያን ሰው አከብረዋለሁ። ከማሽን ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ማሽን ሲያመላልሳት አንድ ቀን ተማርሮ አላየሁትም። እሱን ባስቀይም እንደማያምርብኝ አውቃለሁ። ግን የሸጌን ስም ይዤ ዝም ብል፣ ስሟ ንጹሕ ሆኖ የሚቀረው በእነማን አፍ ነው? ኩላሊታቸው በዝምታ እያለቀ ቤሰደር በሚባሉ ሴቶች አፍ። እነሱም አንድ ባንድ ይሄዳሉ።

ለሴቶቹ ልናገር የጠራሁት ስብሰባ ቀን አዳራሹ ሞላ። ሃጋር በስተኋላ ቆማለች። አለነም መጣ፤ አልገባም፤ በሩ ላይ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። ሴቶቹ እሱን አይተው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ተነሳሁ። ሸጌ እንዳደረገችው ወንበር ያዝኩ።

«ዕቃዎቹን እጠቡ ያለችው እህቴ ሸጌ ናት» አልኩ። «በረኪና ጨምሩ ያለችውም እሷ ናት። ተሳስታለች። በእሷ ስህተት የሁላችንም ሽንት ባዶ ሆኖ ታየ፤ የራሷም። በኩላሊት የሞተች ሴት፣ ማሽኑ ምንም አልሆነችም ብሎ ጻፈላት። ሙት ወቃሽ በሉኝ። እሷ ብትኖር ኖሮ እዚህ ቆማ ራሷ ትናገረው ነበር፤ ሞተችና ለእኔ ተረፈኝ። ስትሳሳት ያሰበችው ለሃጋር ነው፤ ስትሰጥ ያሰበችው ለእናንተ ነው። እኔ የሰጠችበትን ልይዝላት ነው እንጂ የተሳሳተችበትን ልይዝላት አይደለም። አሁን ንጹሕ መባል የምትፈልግ ዕቃዋን ትጠብ። መታየት የምትፈልግ ደግሞ እንዳለ ትስጥ።»

አለነ ዘወር ብሎ ሄደ፤ የእግሩ ድምፅ ከውጭ ይሰማኝ ነበር። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ሌላዋ ተይ አለቻት። ታንጉት ብድግ አለች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ያጠበው ማነው?» አለች።

«ምኑን?»

«ዕቃውን። ከቤተ ሙከራው ታጥቦ ነው የመጣው ትላላችሁ። ማን አጠበው?»

ሃጋር ከኋላ ማሽን ነው አለቻት።

«ማሽኑ እጁን ታጥቧል?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ የሚያለቅሱትም ሳይቀሩ። ታንጉት ግን አልሳቀችም። ሸጌን ከእሷ በላይ የሚወድ እንደሌለ፣ ሸጌን በአደባባይ መውቀሴንም እስክትሞት እንደማትረሳው ነገረችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ኩባያዋን ተቀበለች። ወደ ብርሃኑ ያዘችው፤ ጭጋጉን አየችው፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ያሪቭ እንዳለው ራሱ መጣ። መኪናውን ከብሎኩ ሥር አቁሞ በረዶ የተሞላ ሳጥን ይዞ ቆመ። ሴቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር በመንገድ ሲይዙ ሦስት ፌስታል ውስጥ ነው የሚደብቁት። የዚያን ቀን ጠዋት ማንም አልደበቀም። በነጠላቸው ተጀቡነው፣ ኩባያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጎረቤት በመስኮት እያየ ተሰለፉ። ሃጋር ጓንት አድርጋ ልትቀበላቸው ስትል ታንጉት አልፋት ሄደችና የራሷን በቀጥታ ያሪቭ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ያዘው» አለችው በዕብራይስጥ። «ይሸታል። ከሰው የወጣ ነው።»

ያሪቭ በሁለት እጁ ያዘው። ምን እንዳለ ሃጋርን ቢጠይቋት ትናገራለች፤ እኔ የሰማሁት ቶዳ፣ አመሰግናለሁ፣ ሲል ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቆይታ ሃጋር ፋብሪካ ድረስ ደወለችልኝ። መስመሩ ላይ ስለነበርኩ ጓንቴን በጥርሴ አወለቅሁና አነሳሁት። በርቷል አለችኝ። ሁሉም በርቷል። ያሪቭ የእኛን ከሌሎቹ ጋር አስገብቶታል፤ ሥራው ያለ እኛ አልተዘጋም። በአንዳንዶቻችን ላይ ከሚገባው በላይ ነው የበራው፤ እነሱ ወደ ኩላሊት ሐኪም ተጠሩ። ታንጉት ከተጠሩት አንዷ ናት። መድኃኒት ጀምራለች፤ ጨውም ከልክለዋታል። ከሁላችሁም የኔ ነው የበለጠ ያበራው እያለች በሞአዶን ትኩራራብናለች፤ ጨው ስለከለከሏት ግን ቀኑን ሙሉ እኔን ስትረግም ትውላለች።

የሸጌ ተዝካር ወጣ። አለነ ከሩቅ ዘመዶች ጋር ከጥግ አስቀመጠኝ። ሰው ሁሉ አየ። በላሁ፤ አመስግኜ ወጣሁ። የዚያን ቀን አንድ ቃል አላናገረኝም።

ይህን ሁሉ እዚህ ላይ ብተወው በወደድኩ። ሃጋር ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። በኩላሊት የሞተ ወላጅ ያላቸው ልጆች ሁሉ ሽንት እንዲሰጡ ቤተ ሙከራው ይፈልጋል፤ በሽታው በቤተሰብ የሚሄድበት ጊዜ አለና። የሸጌና የአለነ ልጅ ሊኖይ ወታደር ናት፤ ለሻባት፣ ለቅዳሜ ዕረፍት፣ ብቻ ነው የምትመጣው። ሃጋር እኔ ልሂድና ላናግራቸው ስትል እምቢ አልኳት። የእህቴ ልጅ ናት፤ የምሄደው እኔ ነኝ።

ዓርብ ከሰዓት ደረጃውን ወጣሁ። አለነ በሩን ከፈተ፤ እኔ መሆኔን ሲያይ በሩን በግማሽ ያዘው። ከውስጥ የሊኖይ ድምፅ ይሰማል፤ በስልክ እየሳቀች ነው። ኩባያውን ዘረጋሁለት። ምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ለማን እንደሆነም ነገርኩት።

«ይቅር አልልሽም» አለኝ።

«አትበለኝ። ሊኖይ ግን ትስጥ።»

«ሙት ወቃሽ ነሽ።»

«ነኝ» አልኩት። «ሙቷ እህቴ ናት። ከእኔ በቀር ማን ይውቀሳት? አንተ አትወቅሳት፤ አንተ ውደዳት። ግን እናቷን ያላየ ነገር ልጅቷን እያየ ነው አያ አለነ፤ ፊቱ ላይ እንዳትከልላት።»

እጄ ላይ ያለውን ዕቃ ለረጅም ጊዜ አየው። ከውስጥ ሳቁ ቀጥሏል። ዘርግቶ ተቀበለኝ። እንዴት ነው የሚደረገው አለኝ፤ ወደ እኔ ሳያይ። ምንም አይደረግም፣ እንዳለ ነው አልኩት። ሳሙናም አይነካውም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳሙናም፣ ምንም አልኩት።

በሩን ሳይዘጋው ወደ ውስጥ ገባና ልጁን በስሟ ጠራት። ስልኩን ዝጊው፣ ነይ ሲላት ሰማሁ። እንድገባ አልጠራኝም፤ ሳልጠራ አልገባሁም። ደረጃውን ወረድኩ። ይቅርታውን እስከ ዛሬ አልሰጠኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።